በቁም የወረደ ሙሾ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

በመጀመሪያ ይህ ይታወቅ፤ ትርንጎ ማንንም አላሟረተችም። ሙሾው የድራማ ሙሾ ነው። በድራማው የሚሞተው ገበሬ ተሰማ ይባላል፤ ተሰማን ደግሞ የፈጠረችው እሷ ናት።

አሁን የትናንቱን በቅደም ተከተል ልጻፍ። ነገር ሲደበላለቅብኝ የማደርገው ይህንን ነው። ከተማሪዎቼም የምጠይቀው ይኸንኑ ነበር፤ ማን፣ የት፣ ምን ሆነ፣ ከዚያስ።

ልጆቹ ሦስት ናቸው፤ ትርንጎ፣ ሙሉቀንና ሀብታም። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት አማርኛ ያስተማርኳቸው ናቸው። ሦስቱም የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና አላለፉም። ሙሉቀን እዚሁ ወረታ የሰው ባጃጅ ይነዳል። ሀብታም በአባቷ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ ላይ ትሠራለች። ትርንጎ ከከተማው ውጭ፣ ቁሐር ሚካኤል፣ ከወላጆቿ ጋር እርሻ ላይ ናት። ከክረምት ጀምሮ በወፍጮ ቤቱ መጋዘን፣ በጆንያ መካከል፣ ገለባ እያስነጠሳቸው አንድ ድራማ ሲያጠኑ ቆዩ። የጻፈችው ትርንጎ ናት። እኔ አርሜያለሁ።

ታሪኩ ቀላል ነው። የጉማራ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሲውጠው አንድ ገበሬ በሬዎቹን ላውጣ ብሎ ገብቶ ይቀራል። ሚስቱ ሬሳ ሳታገኝ ታለቅሳለች። ድራማው የቆመው በዚያ ለቅሶ ላይ ነው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ድራማውን ስናሳይ የከተማው አዳራሽ ሞልቶ ነበር። ተሰማን የሆነው ሙሉቀን እስኪሞት ድረስ ሰው ሲስቅ ነበር። ከዚያ ትርንጎ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣችና ጀመረች፤

ቦራና ዘመናይ ከደጅ ቆመው ዋሉ፣
ቀንበር የሚጭንብን ማነው ዛሬ እያሉ።

ከቁሐር የመጡት ሴቶች ደረታቸውን መምታት ያዙ። የእውነት ለቅሶ ነበር። እኔ ከፊት ወንበር ላይ ሆኜ፣ ይህች ልጅ ተሳካላት ብዬ ደስ አለኝ። ወዲያው አንድ ጎልማሳ ከመካከል ብድግ አለ።

«ዘመናይ የማን በሬ ነው? ንገሪን እስቲ! አባቴ እኮ እቤት ተኝቷል፤ ገና ይተነፍሳል!»

ፈንታሁን ይባላል። የአያ አዱኛ ልጅ ነው። አያ አዱኛ የትርንጎ ጎረቤት ናቸው፤ ታመው አልጋ ላይ ከዋሉ ሰንብተዋል። ቦራ የሚባል በሬ በየቤቱ አለ። ዘመናይ ግን አንድ ነው፤ ሲሄድ ስለሚንቀባረር ያወጡለት ስም ነው አሉኝ። ይህን ሁሉ የሰማሁት ትናንት ማታ ነው። እኔ የቢቸና ሴት ነኝ፤ ወረታ ይህን ያህል ዘመን ኖሬ የቁሐርን በሬ በስሙ አላውቅም።

አዳራሹ ተራገፈ። አንዲት ሴትዮ በትርንጎ አጠገብ ስታልፍ አማተበች። ትርንጎን መጋረጃው ጀርባ ምን አስበሽ ነው ብዬ ስጠይቃት የመለሰችልኝ ይህን ብቻ ነው፤ «ሙሾ ያለ በሬ ስም ምኑን ሙሾ ሆነ ቲቸር? ስሙ አማረኝ። ሌላ አላሰብኩም።»

ነገ ሦስቱንም እሰበስባለሁ። ዕቅዴ ይህ ነው፤ መጀመሪያ ማጽናናት፣ ቀጥሎ ድራማውን መጠገን፣ ከዚያ የፈንታሁንን ቤት ይቅርታ መጠየቅ።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ትርንጎ አልመጣችም። ስልኳ ዝግ ነው።

ሙሉቀንና ሀብታም ጆንያ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ሙሉቀን ከተማው ውስጥ ስሙ ተቀይሯል። «ተሳፋሪ ሁሉ ‹ሬሳው መጣ› ይለኛል ቲቸር። አንዷማ ‹የሞተ ሰው ምን ሒሳብ ይቀበላል› ብላኝ ሳትከፍል ወረደች።»

ትናንት ያዘጋጀሁትን ንግግር አደረግሁ። አንድ ሥራ ወደቀ ማለት ሠሪው ወደቀ ማለት አይደለም፤ ስሕተት የሥራው ክፍል ነው፤ የመሳሰለውን። እየተናገርኩ ድምፄን ሰማሁት፤ የሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ የምናገርበት ድምፅ ነው። ሙሉቀን በትዕግሥት አስጨረሰኝና፣

«ቲቸር፣ ይኸን ዘጠነኛ ክፍልም ነግረውናል» አለ። «ያኔም አልሠራልን።»

ሀብታም ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። እኔም።

ከዚያ ድራማውን ያለ ሙሾው ሞከርነው። ሀብታም ሚስቲቱን ሆና ዝም ብላ ተቀመጠች፤ ሙሉቀን፣ በድራማው ሬሳ ባይኖርም፣ ጆንያ ላይ ተጋድሞ ሬሳ ሆነ። ዝም፣ ዝም፣ ዝም። በመጨረሻ ሬሳው ዓይኑን ገልጦ፣ «ኧረ በናትሽ አንድ ነገር በይ፤ እኔ ራሴ ሰለቸኝ» አላት።

ልክ ነው። ያለ ለቅሶው ድራማው መሐሉ የተቦረቦረ ግንድ ነው። ለቅሶው ደግሞ ከትርንጎ በቀር ማንም ጋ የለም። ነገ ቁሐር እሄዳለሁ።


ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ሙሉቀን ባጃጁ የሚደርስበት ድረስ አደረሰኝ። ከዚያ በእግር። የዋልካው አፈር ላዩ ደርቋል፤ ሥሩ ግን ገና ጫማ ይዞ ያስቀራል። ማሳው ሁሉ ወርቅማ ነው። በየማሳው ሰው ጎንበስ ብሎ ሩዝ ያጭዳል።

ትርንጎ ከእናቷ ጋር እያጨደች አገኘኋት። ሰላም አለችኝ እንጂ ማጭዷን አላቆመችም። ቆሜ መለፍለፍ አሳፈረኝና ከኋላዋ እየተከተልኩ ነዶ ማሰር ጀመርኩ። እናቷ እትዬ ጥሩዬ ደግሞ ከኋላዬ እየመጡ ያሰርኩትን እየፈቱ እንደገና ያስሩታል። 

«ያልፋል ትርንጎ» አልኳት።

«ለእርስዎ ያልፋል። እርስዎ ማታ ወረታ ይገባሉ። እኔን ሰው መንገድ ላይ ሲያየኝ ልጁን ወደ ኋላው ያደርጋል።»

«እሺ፣ ሙሾውን እንተወው። ሌላ ጻፊ። የሚያስቅ ጻፊ፣ ታውቂበታለሽ።»

ይኸኔ ቀና አለች። «ቲቸር፣ እኔ የምጽፈው ያየሁትን ነው። ያየሁት ሁሉ ደግሞ የሰው ነው። የሰው በሬ፣ የሰው ማሳ፣ የሰው ሐዘን። የኔ የምለው ምን አለኝ?»

አርባ ተማሪ ፊት ቆሜ ጥያቄ ሲከብደኝ «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ነገ እንመለስበታለን» እል ነበር። ዛሬ ግን ጎንበስ ብዬ ነዶዬን አሰርኩ።

ስሰናበት እትዬ ጥሩዬ እስከ ማሳው ዳር ሸኙኝ። «አንቱ፣ ይችን ልጅ ለቀቅ አድርጉልኝ። ትምህርቱ አላበላት፣ ድርሰቱ አሰደባት። እግዜር ይስጥልኝ፣ ይበቃታል።» ክፋት የለባቸውም። ደክሟቸዋል። አባትየው ሽማግሌ ልከው ነበር፤ ፈንታሁን «ሚካኤል ይድረስና» ብሎ መልሷቸዋል።


ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ጉልበቴ አብጧል። ጠዋት ደወልኩ፤ ዝግ። ከምሳ በኋላ ደወልኩ፤ ዝግ።

የትርንጎን ጥያቄ ወረቀት ላይ ጻፍኩና መልስ ልሰጥበት ተቀመጥኩ። ሦስት መልስ ጻፍኩ። አንደኛው ውሸት ነው። ሁለተኛው ስብከት ነው። ሦስተኛው ረጅም ነው፤ ረጅም የሆነበት ምክንያት መልስ ስለሌለበት ነው። ተማሪ ቢያቀርብልኝ ሦስቱንም እመልስበት ነበር።

ለቅሶውንም ራሴ ልጽፈው ሞከርኩ። ቤት ይመታል፣ ስሕተት የለበትም፣ አንድ ሰው አያስለቅስም።

አንድ ነገር ግን ተሳካ። አመሻሹ ላይ ሀብታም ሁለት ገጽ ይዛ መጣች። የራሷ ጽሑፍ ነው፤ ወፍጮው በመከር ወቅት ተሰብሮ ገበሬው ሁሉ ጆንያውን ተደግፎ ሲጠብቅ። ሀብታም እስከ ዛሬ ከሰው የተሰጣትን ከማንበብ በቀር አንድ መስመር ጽፋ አታውቅም።

«የአባቴ ወፍጮ ነው፤ ያስታውቃል» አለችኝ። «ስለዚህ ጠየቅሁት።»

«ምን አለሽ?»

«‹የኔን ስበሪው፣ የጎረቤቴን እንዳትነኪ፤ ቀናህ ይሉኛል› አለኝ።»

ከሄደች በኋላ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ለፈንታሁን ሽማግሌ ተልኳል። ትርንጎ አልቅሳለች፤ እናቷ ተቆጥተዋል፤ እኔ ንግግር አድርጌያለሁ። አያ አዱኛን ግን ማንም ምንም አልጠየቃቸውም።


ዓርብ፣ ኅዳር 12፣ የሚካኤል ዕለት

ቁሐር ጢስ በጢስ ነበር። ኅዳር ሲታጠን እንደ ልማዱ ሁሉም ደጁን ጠርጎ ጥራጊውን ያነዳል፤ በሽታ አብሮ እንዲወጣ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሳልሄድ በትርንጎ ቤት በኩል አለፍኩ። እትዬ ጥሩዬ እሳቱ አጠገብ ቆመው በእንጨት ይቆሰቁሳሉ። መሐሉ ላይ ትርንጎ ድራማውን የጻፈችበት ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር ዳር ዳሩ እየተጠቀለለ ይነዳል።

«በሽታውም ወሬውም አብሮ ይውጣ» አሉ፣ ሳያዩኝ።

ትርንጎ መጥረጊያ ይዛ ቆማ ታያለች። አልከለከለችም። አላለቀሰችም። እጄን እሳት ውስጥ ባስገባ እንኳ የሚወጣ ነገር አልነበረም።

ድራማው እኔም ጋ በግልባጭ አለ። ሙሾው ግን የለም። እኔ ጋ ባለው ላይ በዚያ ቦታ «እዚህ ታለቅሳለች» ብቻ ነው የሚለው። ልምምድ ላይ በየቀኑ ትለዋውጠው ነበርና መጨረሻ ላይ ያጸናችው በራሷ ደብተር ብቻ ነበር። አሁን ያለው በእሷ ጭንቅላት ውስጥ ነው።

ታቦቱ ከገባ በኋላ ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር ተቀመጡ። የትርንጎ አባት ድንጋይ ተሸክመው ቀረቡ። ፈንታሁን ብዙ አላስለመነም። «ስለ ሚካኤል ብዬ ትቻለሁ። ዓይኗን ግን ባላየው ደስ ይለኛል» አለ። ዓርብ ስለዋለ ጠበል ጠዲቁ የጾም ነበር፤ ሽሮ በላን፣ ጠላ ቀመስን።

ከዚያ ፈንታሁንን አባትህን ልጠይቃቸው አልኩት። ቅር አለው፤ ግን በበዓል ቀን ሕመምተኛ ልጠይቅ ያለ ሰው አይከለከልም።

አያ አዱኛ መደቡ ላይ ትራስ ተደግፈው ተኝተዋል። ከብርድ ልብሱ የሚታየው ትልቅ እጅና አፍንጫ ነው።

«አንቺ ነሽ መምህሯ?»

«እኔ ነኝ አያ አዱኛ። ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁ።»

«በሬዎቼን አነሳች አሉ፤ የጥሩዬ ልጅ።»

«አዎ።»

«ምን ብላ?»

ፈንታሁንን አየሁት። ወደ ጣሪያው ያያል። ሁለቱን ስንኝ አልኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና፣

«እንደ ቀበሌ ማስታወቂያ ነው እኮ የምትይው» አሉ።

ፈንታሁን ሳይወድ ሳቀ።

«ቀጥሎስ?»

«አላውቀውም አያ አዱኛ። እሷ ናት የምታውቀው። ደብተሩ ዛሬ ጠዋት ተቃጠለ።»

 ከዚያ እንዲህ አሉ፤ እንዳልረሳው እዚያው ደጃፉ ላይ ቆሜ በወረቀት ይዤዋለሁ፤ «ተዝካሬን በቁሜ አውጥቻለሁ። ካህኑም በላ፣ ድሀውም በላ፣ እኔም ተቀምጬ አየሁ። ማንም ነውር አላለኝም። ሙሾዬን ታዲያ ከኔ በቀር አገሩ ሁሉ ለምን ይሰማዋል? ልጅቱን ጥሩልኝ።»

«አባባ፣ ሰው ምን ይላል!» አለ ፈንታሁን።

«ሰውማ ብሎ ጨረሰ።»

ጉልበቴን ረስቼ ወጣሁ። ወደ ትርንጎ ቤት ግን አልሄድኩም። የእናቷ ቁጣ ገና አልበረደም ይሆናል፤ ነገ በረጋ ልብ እነግራታለሁ ብዬ አሰብኩ።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

የለችም።

ሌሊት ሳይነጋ ይፋግ ሄዳለች፤ አክስቷ ጋ። አክስትየው ይፋግ ገበያ ላይ ሱቅ አላቸው። «ታግዛታለች፣ እዚያ የሚያውቃት የለም» አሉ እትዬ ጥሩዬ። የአያ አዱኛን ቃል ነገርኳቸው። አመኑኝም አላመኑኝም አላውቅም። «የታመመ ሰው ብዙ ይላል» ብለው ገቡ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኳ ጠራ። አነሳችው። ደስታዬ ስላጣደፈኝ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ነገርኳት፤ ተዝካሩን፣ የቀበሌ ማስታወቂያውን፣ «ጥሩልኝ» ማለታቸውን። ሰማችኝ። ከጀርባዋ የገበያ ጫጫታ ይሰማል።

«ቲቸር፣ መጥቼ ሙሾውን ብዬላቸው በማግሥቱ ቢሞቱስ?»

«ትርንጎ፣ ባትይላቸውም ይሞታሉ።»

ይህን ነው ያልኩት። ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። እውነት ነው፤ ግን ለእሷ የሚባል አልነበረም። እሺ ቲቸር፣ ደንበኛ መጣብኝ ብላ ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ዝግ ነው።

ማታ ሙሉቀን በደጄ ሲያልፍ አስቆምኩትና ነገርኩት። ባጃጁን አጥፍቶ መሪው ላይ ተደገፈ። «እኔ ብሆንም አልመጣም ቲቸር» አለ። ከዚያ ባጃጁን መልሶ እያስነሳ፣ «ግን እኔ እንደሷ አልችልበትም። እኔ ብቀር የሚቀር ነገር የለም።»


እሑድ፣ ኅዳር 14

ትርንጎ፣ ከዚህ ጀምሮ የምጽፈው ላንቺ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ያለውንም ቀድጄ አብሬ እልክልሻለሁ። ሳስተካክለው ሞክሬ ተውኩት፤ እንዳለ ይምጣልሽ። ስለ እናትሽ በጻፍኩት አትቀየሚኝ። ሀብታም ነገ ሩዝ ይዛ ይፋግ ትወጣለችና በእጅሽ ትሰጥሻለች።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ አያ አዱኛ ጋ ሄጄ ነበር። ድምፃቸው ከዓርቡ አንሷል። ውኃ የሚያጠጧቸው በማንኪያ ነው። ጆሮዬን አስጠግቼ ነው የሰማኋቸው፤ «መጣች?» ነው ያሉኝ። «ይፋግ ናት» አልኳቸው። «ይፋግማ ቅርብ ነው» አሉ።  ስወጣ ፈንታሁን እስከ መንገዱ ሸኘኝ። ብዙ አያወራም። አጥሩ ጋ ስንደርስ፣ «ልምጣ ካለች ትምጣ፤ በሩን አልዘጋባትም። ጎረቤት ባይሰበሰብ ግን ደስ ይለኛል» አለ። እኔ ለምኜው አይደለም፤ ራሱ ነው ያለው።

አሁን የማላውቀውን ልንገርሽ። መጥተሽ ብትይላቸውና በማግሥቱ ቢያርፉ ሰው ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ እንዳይል የማደርግበት መንገድ ግን የለኝም። ከጎንሽ እቆማለሁ እልሽ ነበር፤ ግን አንቺ እንዳልሽው እኔ ማታ ወረታ እገባለሁ። ያየሁት ሁሉ የሰው ነው ላልሽኝም እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁም። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቱንም ሰርዣለሁ። ልነግርሽ የምችለው ያየሁትን ብቻ ነው፤ የሰው ያልሽውን ነገር ሰውየው ራሳቸው እየጠየቁሽ ነው። ድራማውን ተይው። እኔንም፣ ሙሉቀንንም፣ ሀብታምንም ተይን። ዳግመኛ ጻፊ አልልሽም። ይህ አንድ ሰው የጠየቀው አንድ ነገር ነው።

ልትመጪ ከወደድሽ ሙሉቀን ወረታ መናኸሪያ ይጠብቅሻል፤ ሳትታዪ በማሳው በኩል እንወስድሻለን፤ እኔ ከውጭ እቆያለሁ። ፈርተሽ ልትቀሪም ትችያለሽ፤ አልፈርድብሽም። ግን እንደዚያ ከሆነ እኔ ነገ ማታ ሄጄ አትመጣም ማለት አለብኝ፤ መጣች እያሉ በር በር እያዩ እንዲያርፉ አልፈልግም። የምነግራቸው ቃል የኔ ግምት ሳይሆን ያንቺ ይሁን።

ሀብታም ነገ ከሰዓት በኋላ ትመለሳለች። አንድ ቃልም ቢሆን፣ እሺም ቢሆን እምቢም፣ በእሷ ላኪብኝ። እባክሽ ትርንጎ፣ ነገውኑ መልሽልኝ።